ሲሮጡ የታጠቁት፦ የክሩዘሮች ጅራትና የአድሚራሎች ልብ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ የተነሣው እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1916 በሰሜን ባሕር ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከግራጫው ውኃ ውስጥ ሁለት ሹል ነገሮች ወደ ሰማይ ተቀስረው ይታያሉ። ሁለት የሰጠሙ መርከቦች እንዳይመስላችሁ። አንዲት መርከብ ናት። ወገቧ ላይ ለሁለት ተበጥሳ፣ የፊት ጫፏና የኋላ ጫፏ የባሕሩን ወለል ተደግፈው ቆመዋል፤ ባሕሩ ከመርከቧ ቁመት ይልቅ ጥልቀቱ አንሶ ጠቅላላ ሊውጣት አልቻለም። ስሟ «ኢንቪንሲብል» ነበር፤ «የማትበገረው» ማለት ነው። ከ1,000 በላይ ከሚሆኑት ሰዎቿ መካከል የተረፉት 6 ብቻ ናቸው።

ለመሆኑ ከመቶ ዓመት በፊት የሰጠመች የእንግሊዝ መርከብ ለዛሬ አንባቢ ምን ትረባለች? የጦር መርከብ ማለት አንድ መንግሥት ያመነበትን፣ የፈራውንና ሊያየው ያልፈለገውን ነገር ሁሉ በብረት የጻፈበት ሰነድ ነው። ንግግር ይካዳል፤ ቃለ ጉባኤም ይሠረዛል። የመርከብ ቅርጽ ግን አንዴ ከተበየደና ከተበሰለ በኋላ ሊካድ አይችልም። ስለዚህ የዛሬው ወጋችን ስለ ክሩዘሮች አካል አሠራር፣ በተለይም ሰው ብዙ ልብ ስለማይለው ስለ ኋላ ጫፋቸው ይሆናል። በዚያው ግን ስለ ሌላ ነገር መነጋገራችን አይቀርም።

ሦስት እጅ የሚስበው ጋቢ

ክሩዘር የተባለው የመርከብ ዓይነት የተፈጠረው ለሩጫ ነው። ትልልቆቹ የጦር መርከቦች በሰልፍ ቆመው ሲታኮሱ፣ ክሩዘር ደግሞ ጠላትን ያስሳል፣ የንግድ መስመሮችን ይጠብቃል፣ የጠላትን ነጋዴ ያሳድዳል። ከእርሱ የሚበረታ ሲመጣበት ይሸሻል፤ የሚያንሰውን ደርሶ ይይዛል። ታዲያ መርከብ የሚነድፍ መሐንዲስ ፊት ዘወትር ሦስት ጥያቄዎች ይደቀናሉ። መድፉ ምን ያህል ይክበድ? የብረት ጥሩሩ ምን ያህል ይወፍር? ፍጥነቱስ ስንት ይሁን? ክብደቱ የተወሰነ ነው፤ ወጪውም የተወሰነ ነው። ሦስቱም እንደ አጭር ጋቢ ናቸው፤ አንዱ ወደ ራሱ ሲስብ የሌላው እግር ይበርደዋል።

ፍጥነትን የፈለገ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው የመርከቧን ቀፎ ነው። መርከብ በውኃ ላይ ስትሄድ ከፊቷና ከኋላዋ ማዕበል ትፈጥራለች፤ ያንን ማዕበል ለመፍጠር የሚባክነው ጉልበት ከሞተሯ የሚወጣ ነው። መርከቧ በውኃው መስመር ላይ ረጅም በሆነች ቁጥር በተመሳሳይ ፍጥነት የምትፈጥረው ማዕበል ያንሳል። ከዚህም በላይ ፍጥነት ውድ ዕቃ ነው። በግምት ሲሰላ የሚያስፈልገው ጉልበት የሚያድገው እንደ ፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ነው፤ ፍጥነትን በአምስተኛ ከፍ ለማድረግ ጉልበቱን በሰባ ከመቶ ማሳደግ ያስፈልጋል ማለት ነው። ተጨማሪው ጉልበት ተጨማሪ ቦይለር ይጠይቃል፤ ቦይለሩ ተጨማሪ ቦታ፣ ቦታው ደግሞ ተጨማሪ ርዝመት ይጠይቃል። ርዝመቱ ሲጨምር በጥሩር የሚሸፈነው ጎን ይሰፋል። ስለዚህ ጥሩሩ ይሳሳል። ነገሩ ሁሉ የተያያዘ ነው።

የኋላ ጫፍ ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል። በድሮው ልማድ የመርከብ የኋላ ጫፍ ከውኃው በላይ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ የሚቀር፣ ሰገነት የመሰለ ቅርጽ ነበረው። ሲያዩት ያምራል። እ.ኤ.አ. በ1912 የሰጠመችው ታይታኒክ እንዲህ ዓይነት የኋላ ጫፍ ነበራት። ለጦር መርከብ ግን ይህ ውበት ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ከውኃ በላይ የተንጠለጠለው ክፍል ለፍጥነት የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ ክብደት ብቻ ነው። ሁለተኛና ዋነኛው፣ መሪውን የሚያዞረው መሣሪያ ከውኃው ወለል በላይ ስለሚቀመጥ አንድ ጥይት ካገኘው መርከቧ እንደታወረ ሰው ስትደናበር ትቀራለች። ስለዚህ የክሩዘር ነዳፊዎች የኋላውን ጫፍ ወደ ውኃው አወረዱት። ቀፎው ከመሪው አልፎ እየጠበበና እየከበበ በውኃው መስመር ላይ እንዲዘልቅ አደረጉ። የመሪው መሣሪያ ከውኃ በታችና ከጥሩር ወለል ሥር ተደበቀ፤ ውኃውን የሚነካው ርዝመትም በዚያው ጨመረ። ይህ ቅርጽ እስከ ዛሬ በመርከብ ሠሪዎች ዘንድ «የክሩዘር የኋላ ጫፍ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1936 ሥራ የጀመረችው «ኩዊን ሜሪ» የተባለችው ታላቅ የመንገደኞች መርከብ ሳትቀር ይህንኑ ቅርጽ ይዛ ነው የወጣችው። ለጦርነት የተወለደው ቅርጽ ለሰላም ተረፈ ማለት ነው።

ሁሉም የንድፍ ምርጫ ግን እንዲህ የተሳካ አልነበረም። በክፍለ ዘመኑ መባቻ የተሠሩት ብዙ የእንግሊዝ ጥሩር ለባሽ ክሩዘሮች ከመድፎቻቸው ከፊሉን የተከሉት በጎናቸው ላይ በሁለት ደርብ ነበር፤ የታችኛው ደርብ ለውኃው እጅግ የቀረበ ነው። በወረቀት ላይ የመድፉ ቁጥር ያስደምማል፤ በፓርላማም ለመናገር ይመቻል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1914 በቺሊ ጠረፍ፣ ኮሮኔል በተባለው ስፍራ፣ «ጉድ ሆፕ» እና «ሞንመዝ» የተባሉት ሁለት ክሩዘሮች ከጀርመኑ አድሚራል ፎን ሽፔ ጋር ሲገናኙ ባሕሩ ተናውጦ ነበር። የታችኛው ደርብ መድፎች ማዕበል እየገባባቸው በቅጡ ሊተኩሱ አልቻሉም። ሁለቱም መርከቦች አንድም ሰው ሳይተርፍ ሰጠሙ፤ 1,600 ገደማ ሰው አለቀ። በፀጥታ ባሕር የተቆጠረ መድፍ በማዕበል ቀን አይገኝም።

የፊሸር ሕልም

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1904 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የበላይ አዛዥነት ለአድሚራል ጆን ፊሸር ተሰጠ። ፊሸር ተራ ሰው አልነበረም። አሮጌ መርከቦችን በገፍ ከአገልግሎት ያሰናበተ፣ ባልደረቦቹን ለሁለት የከፈለ፣ ወዳጁም ጠላቱም የበዛ ለውጥ አራማጅ ነበር። «ድሬድኖት» የተባለችውን፣ የዓለምን የጦር መርከብ ሁሉ በአንድ ቀን ያስረጀችውን መርከብ ያሠራ እርሱ ነው። ይሁን እንጂ የልቡ ልጅ ድሬድኖት አልነበረችም። የልቡ ልጅ የድሬድኖትን መድፍ የተሸከመች ፈጣን ክሩዘር ነበረች። ፍጥነት ራሱ ጥሩር ነው ብሎ ያምናል። ፈጣን መርከብ የምትዋጋበትን ርቀትና ጊዜ ራሷ ትመርጣለች፤ የሚበልጣትን ታመልጣለች፤ የምትበልጠውን ታጠፋለች። ታዲያ ወፍራም ብረት ምን ያደርግላታል?

ሐሳቡ ብረት ሲለብስ ምን እንደመሰለ በቁጥር እንየው። ድሬድኖት 160 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 25 ሜትር ወርድ፣ 23,000 የፈረስ ጉልበትና 21 ኖት ፍጥነት ነበራት፤ የጎኗ ጥሩር በወፈረበት 28 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ኢንቪንሲብል 173 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ ከ24 ሜትር ያነሰ ወርድ፣ 41,000 የፈረስ ጉልበትና 25 ኖት ፍጥነት ተሰጣት። ቦይለሮቿ 31 ናቸው፤ የድሬድኖት 18 ብቻ ነበሩ። መድፎቿ ያው 30.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆኑ ቁጥራቸው ከ10 ወደ 8 ብቻ ዝቅ አለ። የጎኗ ጥሩር ግን 15 ሴንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ ለ4 ኖት ፍጥነት የተከፈለው ዋጋ ይህ ነው፦ የሌሎቹን ትላልቅ መርከቦች ጥርስ ይዛ፣ የሌሎቹን ቆዳ ሳትለብስ ቀረች።

ይህ በራሱ ስሕተት አልነበረም። ኢንቪንሲብል ክሩዘሮችን ለማደን የተሠራች ናት፤ ክሩዘር ሊያደርስባት የሚችለውን ጥይት ያ ጥሩር ይበቃዋል ተብሎ ነበር። ስሕተቱ የመጣው በስሟ በኩል ነው። መድፏ የታላላቆቹ መድፍ በመሆኑ ከታላላቆቹ ጋር መቆጠር ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1911 ዓይነቱ «የውጊያ ክሩዘር» የሚል መደበኛ መጠሪያ አገኘ። ስሙ ሲለወጥ ሥራው አብሮ ተለወጠ፤ ብረቱ ግን ባለበት ቀረ። ሹመት ሲሰጡት አቅሙን ማንም እንዳልጠየቀለት ሹም መሆኑ ነው።

ወርድን የመረጡት

ጀርመኖቹ በመጀመሪያ ተታለሉ። የእንግሊዞቹ አዲስ መርከቦች አነስተኛ መድፍ የሚይዙ መስሏቸው «ብሉኸር» የተባለችውን ባለ 21 ሴንቲ ሜትር መድፍ ክሩዘር መሥራት ጀመሩ። እውነቱ ሲሰማ ጊዜው አልፎ ነበር። ቀጥለው ያወጧት «ፎን ዴር ታን» ግን ሌላ ፍልስፍና ይዛ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1910 አገልግሎት የጀመረችው ይህች መርከብ መድፎቿ 28 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆኑ፣ የጎን ጥሩሯ 25 ሴንቲ ሜትር ነበር። ፍጥነቷም ከእንግሊዞቹ አላነሰም። በዚያው ዘመን እንግሊዞቹ የሠሯት «ኢንዲፋቲጋብል» አሁንም በ15 ሴንቲ ሜትር ጥሩር ረክታለች። የጀርመኗ ወርድ 26.6 ሜትር፣ የእንግሊዟ 24.4 ሜትር ነበር።

ሁለት ሜትር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ብዙ ያደርጋል። ወርድ ያላት መርከብ ከውጪው ግድግዳ እስከ ልቧ ድረስ ብዙ ክፍሎችን፣ የድንጋይ ከሰል ማከማቻዎችንና ቶርፔዶን የሚያበርዱ ግድግዳዎችን ልትደረድር ትችላለች። አንዱ ክፍል ውኃ ሲገባበት ሌላው ይይዛታል። እርግጥ ነው፣ ለጀርመኖቹ ነገሩ ይቀል ነበር። ባሕራቸው ከደጃቸው ነው፤ የእንግሊዝ መርከብ ግን እስከ ዓለም ዳርቻ መሄድ አለባት። ቢሆንም ጥያቄው ያው ነው፦ መርከብ ስትሠራ የምታስበው ስለምትመታው ነው ወይስ ስለምትመታበት ቀን?

ድል መጥፎ መምህር ሲሆን

ከኮሮኔል ሽንፈት በኋላ ለንደን ኢንቪንሲብልንና እህቷን «ኢንፍሌክሲብልን» ወደ ደቡብ አትላንቲክ ሰደደች። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 1914 በፎክላንድ ደሴቶች አጠገብ የፊሸር ሕልም በትክክል እውን ሆነ። ሁለቱ መርከቦች የፎን ሽፔን ክሩዘሮች አሳደው ደረሱባቸው፤ ርቀቱን ራሳቸው መረጡ፤ «ሻርንሆርስት» እና «ግናይዘናው» ሰጠሙ። ሽፔና ሁለት ወንዶች ልጆቹ በአንድ ቀን ሞቱ። ፊሸር በደስታ ሰከረ ማለት ይቻላል።

ልብ ብሎ የመረመረ ሰው ግን ሌላ ነገር ያነብ ነበር። ሁለቱ መርከቦች ያንን ድል ለማግኘት ከ1,000 በላይ ትላልቅ ጥይቶችን ተኩሰው፣ ሰዓታት ፈጅቶባቸዋል። አንድ አደጋም አልተፈተነም፤ ከዚያ ቀን ጠላቶቻቸው መካከል የ30.5 ሴንቲ ሜትር መድፍ የያዘ አልነበረምና። ድል ለጥያቄ በር ይዘጋል። የተሸነፈ ሰው «ለምን?» ይላል፤ ያሸነፈ ሰው «አላልኳችሁም?» ይላል።

የኋላው ማማ እሳት

ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 1915፣ ዶገር ባንክ በተባለው የሰሜን ባሕር ክፍል ሁለቱ ባሕር ኃይሎች በውጊያ ክሩዘር ተገናኙ። ጀርመኖቹ እየሸሹ፣ እንግሊዞቹ ከኋላ እያሳደዱ ነበር። ከሰልፉ ኋላ የቀረችው ብሉኸር ተከባ ሰጠመች፤ ከ700 በላይ ሰው ከእርሷ ጋር አለቀ። የዕለቱ ዋና ትምህርት ግን እርሷ ላይ አልነበረም።

«ላየን» ከተባለችው የእንግሊዝ መርከብ የተተኮሰ ጥይት የጀርመኗን «ዛይድሊትስ» የኋላ ጫፍ መትቶ፣ የመጨረሻው የመድፍ ማማ የቆመበትን የጥሩር መሠረት በሳ። ባሩድ ተቀጣጠለ። በታች የነበሩት ሰዎች ወደ ቀጣዩ ማማ ለማምለጥ የማገናኛውን በር ከፈቱ፤ እሳቱም ተከትሏቸው ገባ። በአፍታ ውስጥ ሁለቱም የኋላ ማማዎች ነደዱ፤ 159 ሰው ተቃጠለ። መርከቧን ከፍንዳታ የለያት የባሩድ ክፍሎቹ በውኃ መሞላታቸው ብቻ ነበር። ቪልሄልም ሃይድካምፕ የተባለ የበታች ሹም፣ የጋለውን የውኃ መክፈቻ መዘውር በእጁ ይዞ አዞረ። እጁም ሳንባውም ተጎዳ፤ ወደ 600 ቶን ውኃ ገባ፤ መርከቧ ተረፈች።

ጀርመኖቹ ይህን ቀን አልረሱትም። እሳት ከማማ ወደ ባሩድ ክፍል በምን መንገድ እንደሚወርድ በገዛ ሰዎቻቸው አስከሬን ተማሩ። በየማማው በአንድ ጊዜ የሚከማቸው ባሩድ እንዲቀንስና ጥንቃቄው እንዲጠብቅ አደረጉ። ቀድሞውንም ዋናውን ባሩዳቸውን በነሐስ ቀለህ ይይዙ ነበር፤ እንግሊዞቹ ግን ኮርዳይት የተባለውን ባሩድ በሐር ከረጢት ብቻ ነበር የሚይዙት።

እንግሊዞቹስ ምን ተማሩ? የተማሩት ሌላ ነው። ሦስት የጀርመን መርከቦች አምልጠዋልና የደረሱበት ድምዳሜ «ተኩሳችን ቀርፋፋ ነበር» የሚል ሆነ። ፈጥኖ ለመተኮስ ባሩዱ ቅርብ መሆን አለበት። ባሩዱ ቅርብ እንዲሆን የባሩድ ክፍሉ በር ክፍት መዋል፣ ከረጢቶቹም በማማው ሥር አስቀድመው መከመር አለባቸው። ደንቡ ይህን አይፈቅድም ነበር፤ ሆኖም ደንቡን የጣሰው ሰነፍ ሳይሆን ትጉህ ነበር። ፍጥነት ራሱ ጥሩር ነው የሚለው እምነት ከመርከቡ ቀፎ አልፎ ወደ መድፈኛው እጅ ወረደ።

አንድ ሰው ግን ይህን አይቶ አልተዋጠለትም። በላየን ላይ የመድፍ ኃላፊ ሆኖ የተመደበው አሌክሳንደር ግራንት፣ የባሩድ ክፍሎቹን አሠራር ባየ ጊዜ ደንግጦ ሥርዓት አስገባ። በሮቹ ይዘጉ፣ ከተፈለገው በላይ ከረጢት አይውጣ አለ። የተኩሱ ፍጥነት እንዳልቀነሰም በተግባር አሳየ። ግራንት አድሚራል አልነበረም፤ ሥልጣኑም ከአንዲት መርከብ አላለፈም። የእርሱ ሥርዓት ወደ ሌሎቹ መርከቦች አልተሻገረም።

ጁትላንድ

እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1916 ከዴንማርክ ጠረፍ ወዲያ፣ በታሪክ ከታዩት የባሕር ጦርነቶች ሁሉ ታላቅ ከሚባሉት አንዱ ተካሄደ። በመጀመሪያ ኢንዲፋቲጋብል በፎን ዴር ታን ተኩስ ፈነዳች፤ ከ1,000 በላይ ሰዎቿ ሞተው በጣት የሚቆጠሩት ብቻ ተረፉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ኩዊን ሜሪ» ተከተለች፤ 1,266 ሰው ሞተ። ወደ ምሽቱ ገደማ ኢንቪንሲብል ራሷ ወገቧ ላይ ተመታችና መግቢያዬ ላይ ያነሣሁት ፎቶግራፍ ተፈጠረ። አድሚራል ሁድም አብሯት ሰጠመ።

ላየንም ተመትታ ነበር። ከመካከለኛው ማማዋ እሳት ተነሣ። የማማው አዛዥ ሻለቃ ፍራንሲስ ሃርቪ በሞት አፋፍ ሆኖ የባሩድ ክፍሉ በውኃ እንዲሞላ አዘዘ። ቆይቶ እሳቱ ወደ ታች ሲወርድ ያገኘው የተዘጋ በርና የተሞላ ክፍል ነበር። የማማው ሰዎች አለቁ፤ መርከቧ ግን ተረፈች። ከአንድ ዓመት በፊት የተዘረጋው የግራንት ሥርዓት፣ የሃርቪ የመጨረሻ ትእዛዝ ተጨምሮበት፣ ከ1,000 በላይ ሰው አዳነ።

በሌላው ወገን ዛይድሊትስን ተመልከቱ። ከ20 በላይ ከባድ ጥይትና አንድ ቶርፔዶ መትቷታል። ማማዎቿ ነድደዋል፤ ግን አልፈነዳችም። ከ5,000 ቶን በላይ ውኃ ቀፎዋ ውስጥ ገብቶ አፍንጫዋ ሊጠልቅ ተቃርቦ ነበር። ካፒቴኗ ፎን ኤጊዲ ምን አደረገ? ወደፊት መሄድ ሲያቅታት ወደ ኋላ አስኬዳት። የጁትላንድን ጉዞ በከፊል በኋላ ጫፏ እየመራች፣ እንደ ፊኛ በተከፋፈሉት ክፍሎቿ ተንሳፍፋ ከወደቧ ደረሰች። የሞቱባት 98 ሰዎች ናቸው። «ሉትሶቭ» ደግሞ ዕድሏ ሌላ ሆነ፤ በፊት በኩል በገባው ውኃ ክብደት የኋላ ጫፏ ተነሥቶ ፕሮፔለሮቿ ከውኃ መውጣት ጀመሩ። ሰዎቿ ወደ ሌሎች መርከቦች ከተሻገሩ በኋላ በራሳቸው ቶርፔዶ አሰጠሟት። እንኳን ስትሞት አብዛኛውን ሕዝቧን አድና ነው የሞተችው።

በጠቅላላው እንግሊዝ 14 መርከብና 6,094 ሰው፣ ጀርመን 11 መርከብና 2,551 ሰው አጡ። ከእንግሊዝ ሟቾች ከግማሽ የሚበልጡት የሦስቱ የውጊያ ክሩዘሮች ሰዎች ናቸው።

ብረቱ ነው ወይስ እኛ?

የታሪኩ መራራ ክፍል የሚጀምረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ሦስት መርከብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈንድቷል፤ ምክንያቱ መታወቅ አለበት። ሁለት መልስ ሊኖር ይችላል። አንደኛው «ጥሩሩ ስስ ነበር» የሚል ነው፤ ይህ የነዳፊው ጥፋት ይሆናል። ሁለተኛው «የባሩድ አያያዛችን ልቅ ነበር» የሚል ነው፤ ይህ የአዛዦቹ ጥፋት ይሆናል። የባሕር ኃይሉ ዋና ነዳፊ ዴንኮርትና አድሚራል ቱዶር፣ ጥይት ጥሩሩን አልፎ የባሩድ ክፍል ስለ መድረሱ ማስረጃ እንደሌለ፣ ይልቁንም የባሩዱ አያያዝ ዋናው መንሥኤ እንደሚመስል በጽሑፍ አቀረቡ። የጦር አዛዦቹ ጄሊኮና ቢቲ ይህን አልወደዱትም። ጄሊኮ ብዙም ሳይቆይ የባሕር ኃይሉ የበላይ ሆነ፤ ጽሑፉም ተድበሰበሰ። በአደባባይ የቀረው መልስ የብረቱ መሳሳት ነው። በየመርከቡ ግን የባሩድ ደንቡ በጸጥታ እንዲጠብቅ ተደረገ። በሽታው ሲካድ፣ መድኃኒቱ በሥውር ተዋጠ።

ይህም ብቻ አይደለም። የጦርነቱን ሙሉ ዘገባ እንዲያዘጋጅ ካፒቴን ሃርፐር ታዝዞ ነበር። ሥራውን ጨርሶ ሳለ ቢቲ እ.ኤ.አ. በ1919 የባሕር ኃይሉ የበላይ ሆኖ መጣና ይህ ይታረም፣ ያ ይጨመር ማለት ጀመረ። ጭቅጭቁ ዓመታት ፈጅቶ ዘገባው ለሕዝብ የወጣው በ1927 ነው። በዚህ መካከል የሟቾቹ ልጆች አድገው ነበር።

አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ብረቱም በእርግጥ ስስ ነበር፤ ውሸት አልተባለም። ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ ምክንያቱም ሊያስተባብሉት የሚነሡ ሁሉ በግማሹ እውነት ላይ ይደናቀፋሉ።

ውኃ የሚያጥበው የኋላ ጫፍ

«ሁድ» የተባለችው መርከብ ገና ሳትሠራ የጁትላንድ ዜና ደረሰ። ንድፏ ተከለሰ፤ ወደ 5,000 ቶን የሚጠጋ ጥሩር ተጨመረባት። ዓለም ካየቻቸው ትልልቅ የጦር መርከቦች አንዷ ሆና በ1920 ወጣች፤ ርዝመቷ 262 ሜትር ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የእንግሊዝ ኩራት ሆና ዓለምን ዞረች። ነገር ግን ቀፎዋ የተነደፈው ለቀድሞው ክብደት ነበርና አዲሱ ክብደት ወደ ውኃው ጫናት። በተለይ የኋላ ወለሏ ለባሕሩ እጅግ ቀርቦ በፍጥነት ስትሄድ ማዕበል ያጥበው ነበር። መርከበኞቹ ራሳቸው በባሕር ኃይሉ ውስጥ ትልቋ ሰርጓጅ መርከብ እያሉ ያሾፉባት ነበር። የቀልዱ ትርጉም ግን ከባድ ነው፤ ስሕተቱን ከሥሩ ከማረም ይልቅ በላዩ ላይ ብረት ጭነውበታል። ሙሉ እድሳት ታቅዶላትም ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀደመው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1941 በዴንማርክ ሰርጥ፣ ከጀርመኗ «ቢስማርክ» ጋር ተኩስ በከፈተች በደቂቃዎች ውስጥ የኋላ የባሩድ ክፍሎቿ ፈነዱ። 1,415 ሰው ሞተ፤ የተረፉት 3 ናቸው። የቢስማርክም ደስታ አልሰነበተም። ከሁለት ቀን በኋላ ከአንድ ቀርፋፋ አውሮፕላን የተጣለ ቶርፔዶ የኋላ ጫፏን አገኛት፤ መሪዋ ተቆልፎ በአንድ ስፍራ ስትሽከረከር እንግሊዞቹ ደረሱባት። በማግሥቱ ሰጠመች። ሰው ሁሉ መድፏን ሲፈራ የጣላት ጅራቷ ነው።

ማሳረጊያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? ፊሸር ሞኝ አልነበረም። ፍጥነት ጥቅም የለውም የሚልም የለም። የውጊያ ክሩዘር ለታሰበለት ሥራ ሲውል ምን ያህል እንደሚሠራ በፎክላንድ ታይቷል። ጥፋቱ የመጣው ተራ በተራ፣ በየደረጃው፣ እያንዳንዱ ምክንያት ኖሮት ነው። ነዳፊው ጥሩሩን ያሳሳው ለፍጥነት ነው። ሹሙ ስሙን የለወጠው ለክብር ነው። አዛዡ ከታላላቆቹ ጋር ያሰለፋት ቁጥር ለማሟላት ነው። መድፈኛው በሩን የከፈተው ለትጋት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ አለቆቹ እውነቱን የሸፈኑት ለመሥሪያ ቤቱ ስም ብለው ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል መርከቦቹ እንዲሰጥሙ የፈለገ አንድም የለም።

የሁለቱ ባሕር ኃይሎች ልዩነት በብልኀት አይደለም። ጀርመኖቹ በዶገር ባንክ እሳቱን በገዛ ቤታቸው አዩት፤ ሊክዱት አልቻሉም። እንግሊዞቹም ግራንትን የመሰለ ሰው በገዛ ቤታቸው ነበራቸው፤ ግን ሰውየው ዝቅተኛ ማዕረግ ላይ ነበርና ድምፁ ከአንዲት መርከብ ግድግዳ አልወጣም። አንድ ተቋም ትልቅ የሚባለው ከታች ያለው ሰው «ይህ በር ይዘጋ» ሲል ከላይ ያለው ሲሰማው ነው። የማይሰማው ተቋም ትምህርቱን የሚያገኘው በፍንዳታ ነው፤ ያኔም ቢሆን የመጀመሪያ ሥራው ብረቱን መውቀስ ይሆናል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሲሮጡ የታጠቁትም ሲሮጡ ይፈታል። ያንን ፎቶግራፍ፣ ከሰሜን ባሕር ወለል ላይ የቆሙትን ሁለት ጫፎች፣ የሚያይ ሰው ሁሉ ይህን ቢያስታውስ ለሟቾቹ ትንሽ ክብር ይሆናቸዋል።

ቸር እንሰንብት።